ደመና ሊበሱ የተነሱት ጋሼ ይልማ

በደሌ ላይ መኪናዬ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ባሌስትራ ሳስር፣ አንድ የጎሬ ሹፌር መጣና ጫማዬን በእግሩ ነካ ነካ አደረገኝ።

«ደምሴ፣ ሰማህ? አባ ሁሪ አረፉ።»

«በዚህ ጉም?» አልኩት።

ቀልድ የለመደ አፍ እንዲህ ነው፤ ከጆሮ ይቀድማል። ጎሬ ላይ ‹አረፈ› የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ለአውሮፕላን ነው፤ በክረምት ደግሞ የሚያርፍ የለም። ሰውዬው አልሳቀም። «ቀብራቸው ትናንት ነበር። በሳንባ ምች ነው» ብሎኝ ሄደ። እኔም እዚያው መኪናው ሥር ቆየሁ። ሥራ ስለበዛብኝ አይደለም። ፊቴን ሰው እንዳያየው ብዬ ነው።

አባ ሁሪ የምንላቸውን ጋሼ ይልማን እናንተ ስለማታውቋቸው ነው ይህን የምጽፈው። እኔን ግን ታውቁኛላችሁ። ከጎሬ እስከ ጅማ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ደምሴን ያውቃል፤ ደምሴን አላውቅም የሚል ካለ መንገዱን አያውቀውም ማለት ነው። ከትምህርት ጋር ሦስተኛ ክፍል ላይ ተጣላን፤ ጥፋቱ የሱ ነው። መሪ ስይዝ ግን መኪናው ራሱ «ዛሬስ ሰው ያዘኝ» ይላል። መቱ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጋሼ ይልማ የጎሬ አውሮፕላን ሜዳ ጠባቂ ነበሩ። አባታቸው ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚያው ጎሬ ተወልደው፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አንድ ላይ አቡክተው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሥራቸው ላሞቹን ከሳሩ ላይ ማባረር፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ የሚያሳየውን ከረጢት እንጨት ላይ መስቀል፣ ከዚያ በራዲዮ ሰማዩ እንዴት እንደዋለ ለአዲስ አበባ መንገር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ሰው ነበሩ። ሁልጊዜ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ስለሚሄዱ ጎሬ ውስጥ ያልረገጡት የላም እበት የለም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ጉም ሲወርድ ውጭ ይቆሙና መዳፋቸውን ዘርግተው ጉሙን ጨበጥ ያደርጉታል። ጭብጣቸውን ወደ ጆሮአቸው ይወስዱና ያዳምጣሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይከፍቱትና መዳፋቸውን ያዩታል። እርጥብ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

«ምን አለዎት፣ ጋሼ?» ስላቸው፣

«ዛሬም አልነገረኝም» ይላሉ።

ለሁሉም ነገር የሚሉት አንድ ቃል ነበር፦ «እስቲ እንየው»። የመኪና ሞተር ተበላሸ ስትላቸው «እስቲ እንየው»። እገሌ ሚስት አገባ ስትላቸው «እስቲ እንየው»። ጅብ በረት ገባ ሲባልም በባዶ እጃቸው ተነስተው «እስቲ እንየው» ብለው ሄደዋል፤ ጅቡ ነው የሸሸው።

‹አባ ሁሪ› የሚለውን ስም በራሳቸው ላይ ያመጡት እሳቸው ናቸው፣ ያውም በራዲዮ። አንድ ጠዋት አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ «ጎሬ፣ ደመና አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ በሩ ላይ ወጥተው አዩ። ጉሙ መሬቱ ላይ ተኝቷል፤ በሩ ላይ የታሰረችው ፍየል እንኳ ድምፅዋ እንጂ እሷ አትታይም። ደመና ግን ሰማይ ላይ ነው የሚሆነው፤ ሰማዩ ደግሞ አይታይም። እውነተኛ ሰው ስለሆኑ ያላዩትን አይመሰክሩም።

«ደመና የለም፤ ሁሪ ብቻ ነው» አሉ።

«ማነው ሁሪ?»

«ሁሪ ነዋ! ጉም!»

ራዲዮኑ ተንጫጫና «ጉም» የምትለዋን ዋጣት። አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ሁሪ የሚባል መንገደኛ ያለ መስሎት አውሮፕላኑን ላከ። አውሮፕላኑ መጣ፤ ከላይ ሲዞር ሲዞር ሰማነው፤ ከዚያ ተመልሶ ሄደ። ጋሼን ተቆጧቸው። «ደመናና ጉም አይለዩም እንዴ?» ተባሉ። «እኔማ ለየሁ! ደመና ላይ ነው፣ ጉም ታች ነው» ብለው መለሱ። በሌላ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ያረፈው አብራሪ ግን ትከሻቸውን መታ አደረገና «ጋሼ፣ እኔ ከላይ ሳየው እኮ ደመና ነው» አላቸው።

ይህቺ ነገር እንቅልፍ ነሳቻቸው። ከተራራው ጫፍ ወጥተው ታች ያለውን ጉም አዩት፤ ደመና ሆኗል። ወርደው ገቡበት፤ ጉም ሆነ። እንደገና ወጡ፤ ደመና። ሲወጡና ሲወርዱ ያያቸው ሰው ሁሉ ላም ጠፍታቸው መስሎት ያፋልግ ጀመር። የዚያን ዕለት ነው የመንደሩ ልጆች «አባ ሁሪ» እያሉ የተከተሏቸው። እሳቸው አልተቀየሙም። «ከውጭ ያየኸው ደመና ይልሃል፤ የገባበት ጉም ይልሃል። ሁለቱም አልዋሹም» ሲሉኝ፣ ነገሩ የሆነ ትልቅ ነገር መሰለኝና ራሴን ነቀነቅኩ። አልገባኝም ነበር። አሁን ትንሽ ትንሽ ይገባኛል።

ከዚያ ወዲያ አንድ ጥያቄ ያዛቸው፦ ይህን ነገር ምን ይበሳዋል?

አንድ ቀን ቡና ልጭን ጎሬ ስደርስ ከሩቅ እየሮጡ መጡ።

«ደምሴ! ደመና የሚበሳ ነገር ተገኘ!»

«ምንድነው ጋሼ?»

«ሌዘር!»

እኔ ያኔ ከጅማ የገዛሁትን ጥቁር ሌዘር ጃኬት ለብሻለሁ። በመቱ እንደሱ ያለ ጃኬት የለም፤ ሴቶቹ ስሜን ትተው «ያ ባለ ሌዘሩ» ነው የሚሉኝ። ደረቴን ነፋ አደረግኩና፣

«ይህቺ ናት?» አልኩ። «ይህቺንማ ለብሼ ስንት ጊዜ ጉም ውስጥ ገባሁ። አልበሳችም። ግን ዝናብ አታስገባም።»

ጋሼ በሳቅ ተንከተከቱ። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ለማንም አትንገር እንጂ፣ እኔም ፈረንጁን ‹የበሬ ነው የፍየል?› ብዬ ጠይቄው ነበር» አሉኝ።

ፈረንጁ መሬት ሊለካ የመጣ ነው። ደመናው አውሮፕላኑን ከልክሎበት ጎሬ ላይ ተቀምጦ ቀረ። አማርኛ ተምሯል፤ ችግሩ ወንድና ሴት አይለይም። ጋሼን «አንቺ» ነው የሚላቸው። እሳቸውም ምንም አላሉትም፤ የሚፈልጉትን ነገር እየነገራቸው ነዋ። በሱ አገር አዲስ ብርሃን ተሠራ አላቸው፤ ስሙ ሌዘር ነው። ፋኖስ ብርሃኑን እንደ ገበያ ሰው በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ይኼኛው ግን እንደ ሰልፈኛ አንድ ላይ፣ እግር በእግር፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ብርቱ የሆነውን ብረት ላይ ሲያሳርፉበት ብረቱን ይበሳዋል። የሚገርመው ደግሞ ከነዚህ ብርሃኖች አንዱ አይታይም። ከቀይ በታች ነው፤ ዓይን አይደርስበትም።

«የማይታይ ብርሃን?» አልኩ። «ጋሼ፣ እኔም የማይታይ ብር አለኝ፤ ላበድርዎት?»

«ና ግባ» አሉኝና ወደ ቤት ወሰዱኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ በፍም የሚሠራውን ካውያ ይዘው ልብስ ይተኩሳሉ። ጋሼ ካውያውን ከእጃቸው ወሰዱ። እትዬ ጫልቱ አገጫቸውን በእጃቸው ያዙና ወደኔ አይተው «ዛሬ ደግሞ አንተን ሊተኩስ ነው» አሉኝ።

«ዓይንህን ጨፍን» አሉ ጋሼ። ጨፈንኩ። ግራ ጉንጬ ሞቀኝ።

«ካውያው የት ነው ያለው?»

«በግራ።»

«አየኸው?»

«ዓይኔ ተጨፍኖ?»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«ጉንጬ!»

«እሱ ነው! ከቀይ በታች ያለው ብርሃን ማለት ይኸው ነው። ዓይን አያውቀውም፤ ቆዳ ያውቀዋል።»

ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ጫልቱ «ጉንጭህ ከትምህርት ቤት አልተባረረም ማለት ነው» አሉኝ። እሳቸውን ማሸነፍ አይቻልም። የኖፓ ልጅ ናቸው፤ ምላሳቸው እንደ አዲስ ምላጭ ነው።

ከዚያ ጋሼ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጣዱ። ሲፈላ በአፉ ነጭ ነገር መትፋት ጀመረ።

«ከአፉና ከነጩ መሃል ምን ይታይሃል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ነጩ ከአፉ ላይ አይጀምርም፤ ክፍተት አለ።

«ምንም የለም።»

«ምንም የለም አትበል፤ ጣትህን አግባና የለም በል። እንፋሎቱ እዚያ ነው ያለው፤ በጣም ስለሚሞቅ አይታይም። ነጩ የቀዘቀዘው ነው፤ ጠብታ ሆኗል። ደመናም ጠብታ ነው፤ የደቀቀ ጠብታ። እንግዲህ ጠብታውን መልሰህ ብታሞቀውስ?»

ካውያውን ነጩ ውስጥ አስገቡት። ልንገራችሁ? ካውያው ባለበት ዙሪያ ነጩ ጠፋ! ቀዳዳ ሆነ። ማዶ ያለው ግድግዳ ታየኝ። ካውያውን ሲያወጡት ቀዳዳው ተደፈነ። አስገቡት፤ ተከፈተ።

«ውሃ ይህን የማይታየውን ብርሃን ይወደዋል፤ ይጠጣዋል» አሉ። «ደካማ ብርሃን ከላክህበት ደመናው ጠጥቶ ይጨርሰዋል፤ ማዶ የሚደርስ የለም። ብርቱ ከሆነ ግን ጠብታው ሲጠጣ ሲጠጣ ራሱ ይተናል። የፊተኛው ብርሃን ይሞታል፤ የኋለኛው በከፈተለት መንገድ ያልፋል።»

እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ሹፌር ነኝ። መንገድ ቢከፈትም ናዳ መልሶ እንደሚዘጋው አውቃለሁ።

«ነፋሱስ? አዲስ ደመና እያመጣ አይሞላውም?»

ጋሼ ደስ ብሏቸው ካውያውን ወደኔ ቀሰሩት።

«እሱን ነው እኔም የጠየቅሁት። ብርሃኑ ከነፋሱ ቀድሞ ማድረቅ አለበት አለኝ ፈረንጁ። ሌላም አለ። በበጋ መኪናህ ሲግል ከኮፈኑ በላይ አየሩ ሲርገበገብ አላየህም? ማዶ ያለው ዛፍ ይወዛወዛል። ብርሃኑም የሚያልፍበትን አየር ያግለዋል፤ የጋለው አየር መልሶ ብርሃኑን ያወዛውዘዋል፣ ይበትነዋል። ኃይል በጨመርክለት ቁጥር ሁሌ አያሸንፍም። በገዛ ሙቀቱ መንገድ ይስታል።»

«እንደኔ ማለት ነው» አልኩ።

«እንዳንተ» አሉ እትዬ ጫልቱ ከወዲያ ሆነው።

ክረምቱ ገባ። እትዬ ጫልቱ ጎናቸውን ያማቸው ጀመር። መጀመሪያ እየሳቁ ነበር የሚይዙት፤ ኋላ ወገባቸውን ቀና ማድረግ አቃታቸው፤ ከዚያ ትኩሳት መጣ። መቱ ወስጄ ሐኪም ዘንድ አደረስኳቸው። ሐኪሙ ጋሼን ወደ ጎን ጠራቸው፤ እኔም ጆሮዬ ረጅም ነው።

«ኩላሊቷ ውስጥ ጠጠር ሳይኖር አይቀርም። ሽንቱን ዘግቶታል። የሚያየውም የሚያወጣውም መሣሪያ እዚህ የለም። አዲስ አበባ ወይ ጅማ ትሂድ። ትኩሳቱ ደም ውስጥ ከገባ…»

አልጨረሰውም። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ «እስቲ እንየው» አላሉም።

የጅማ መንገድ ላይ ደግሞ አውቶቡስ ካቆመ ሰነባብቷል። ገባ ወደሚባለው ወንዝ የሚወስደው ቁልቁለት ጭቃ ብቻ ቢሆን ግድ የለም፤ ጉም ነው ያስቸገረው። አንድ መኪና ጠርዙን ስቶ ገደል ከገባ ወዲህ ሹፌሩ ሁሉ መቱ ላይ ቆሞ ፀሐይ ይጠብቃል። እኔም ጭምር። የቀረው አውሮፕላን ነው። ወደ ጎሬ ተመለስን።

አውሮፕላኑ መጣ። እትዬ ጫልቱን በቃሬዛ ሜዳው ዳር አድርገናቸዋል። ጉሙ ሜዳውን እንደ ጥጥ ሞልቶታል። ከላይ ድምፁ ሲሰማ ሰው ሁሉ «ዱፌ! ዱፌ!» አለ፤ መጣ መጣ ማለቱ ነው። ዞረ። እንደገና ዞረ። እላያችን ላይ ነው ያለው፤ ድንጋይ ብትወረውር የምትመታው ይመስላል። ከዚያ ድምፁ ቀጠነና አንድ ሽማግሌ «ደቢኤ» አሉ። ተመለሰ። አብራሪው ግን ከነገ ወዲያ እሞክራለሁ ብሎ ለጋሼ በራዲዮ ነገራቸው።

በማግስቱ ጋሼ በየቤቱ እየዞሩ ፍም ለመኑ። ሰው እሳት ይለምናል፤ እሳቸው ግን «ነበልባል አልፈልግም፤ ጭስ ያለው እንዳታመጡ፤ ፍም ብቻ» ይላሉ። «ጭስ ራሱ ደመና ነው። ፍም ግን ያንን የማይታየውን ብርሃን ይተፋል፤ ጉሙን ያደርቀዋል።» ጎሬ ከዳር እስከ ዳር ከሰል አወጣች። እኔም ናፍታ ሰጠሁ። ያበደ ሰው ነው ብሎ የሳቀ ነበር፤ የሳቀው ሁሉ ግን ከሰል ተሸክሞ ነው የሳቀው።

በቀጠሮው ጠዋት በሜዳው ግራና ቀኝ ከሰሉን ደርድረን አቀጣጠልን። ናፍታዬ መጀመሪያ ጥቁር ጭስ አወጣና ጋሼ «አንተ ጉረኛ፣ ጨመርክብኝ እኮ!» ብለው ጮኹብኝ። ቆይቶ ጠራ። ፍሙ ቀላ። ሙቀቱ ፊት ይልጣል። አውሮፕላኑ ሲሰማ ጋሼ መሃል ቆመው ቀና ብለው ያያሉ፤ አፋቸው ተከፍቷል።

እግዜር ምስክሬ ነው፤ ተከፈተ። ነጩ ሳሳ፣ ሳሳ፣ ከዚያ የአንድ ቤት ጣራ የምታህል ሰማያዊ ሰማይ ታየች። ሴቶቹ እልል አሉ። የአውሮፕላኑ ክንፍ በቀዳዳዋ ሲያልፍ አየሁት፤ ብልጭ አለብኝ። ጋሼ «አየኝ! አየኝ!» እያሉ ሁለት እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ነፋሱ ከገደሉ በኩል መጣ። ቀዝቃዛ ነው፤ ገና አንገቴን ሲነካኝ አወቅሁት። አዲሱን ጉም እንደ መንጋ እየነዳ አመጣው። ቀዳዳዋ እንደ ዓይን ተከደነች። አውሮፕላኑ ዞሮ ፈለጋት፤ አላገኛትም። ድምፁ ሲርቅ ‹ደቢኤ› ያለ ሰው እንኳ አልነበረም።

ጋሼ ፍሙ መሃል ቆመው ቀሩ። አጠገባቸው ሄድኩ።

«በሳነው» አሉኝ። «በሳነው እኮ ደምሴ። መያዝ ነው ያቃተን።»

ከዚያ ወደ ቃሬዛው ዞሩ። የእትዬ ጫልቱ ከንፈር በትኩሳት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይናቸው ግን ወደሳቸው ነው። ጋሼ ቀስ ብለው «አንተ የመቱ አንደኛ ሹፌር አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

«ነኝ» አልኩ። «ግን አንደኛነቴ በሚታይ መንገድ ላይ ነው።»

ቀልድ አልነበረም። ያ ገደል የገባው መኪና ትዝ አለኝ። ጋሼ አልለመኑኝም፤ ቢለምኑኝ ምናልባት እምቢ እል ነበር። ዝም ብለው ቃሬዛውን በአንድ በኩል አነሱት። እኔ በሌላው በኩል አነሳሁት።

መቱን አለፍን፤ ሁሩሙን አለፍን። ያዮን ወጣ ብለን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ዓለም አለቀች። ከመስታወቱ ማዶ ነጭ ብቻ ነው። ፓውዛውን አበራሁ፤ ይባስ ብሎ ብርሃኑ ጉሙ ላይ ነጥሮ መልሶ ዓይኔን መታኝ። ግድግዳ ሆነብኝ።

«አጥፋው» አሉ ጋሼ። «ሩቅ አትላከው፤ ጠብታው ሁሉ መልሶ ወዳንተ ይወረውረዋል።» ትንሽ አሰቡና «በነጭ ውስጥ የሚታየው ብርሃን አይደለም፤ ጥቁር ነው። ጃኬትህን አውልቅ» አሉ።

«ምን?»

«ሌዘሩን!»

አወለቅሁ። ለበሱት። እጅጌው አጠራቸው። ከመኪናው ወርደው ፊት ለፊቴ ቆሙ፤ ነጩ ውስጥ ጥቁር ጀርባ ታየኝ። በብትራቸው የገደሉን ጠርዝ እየነኩ መሄድ ጀመሩ። እኔ ማርሹን ዝቅ አድርጌ ያንን ጀርባ ብቻ እያየሁ ተከተልኩ። ጀርባው ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። ሌላ ቀን ቢሆን «ሌዘር ደመና በሳ!» ብዬ እስቅ ነበር። ያኔ አልታየኝም።

እትዬ ጫልቱ አጠገቤ ተጋድመዋል። «ምን ይታይሃል?» አሉኝ በቀጭን ድምፅ።

«የጋሼ ጀርባ።»

«እኔም ከተጋባን ጀምሮ የማየው እሱኑ ነው። ፊቱ ሰማይ ላይ ነው።» ሊስቁ ሲሉ ጎናቸው ወጋቸውና «ያ ረቢ» ብለው ከንፈራቸውን ነከሱ።

መሃል ቁልቁለቱ ላይ ጀርባው ድንገት ጠፋ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናው በጭቃው ላይ ተንሸራተተና ቆመ። ልቤ ግን አልቆመም። ወርጄ ሮጥኩ። ጋሼ መንገዱ ላይ ቁጢጥ ብለው እጅጌያቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያያሉ።

«ደምሴ፣ እይ! ጠብታው ሌዘሩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። አይገባም! ለምን ይመስልሃል?»

«ጋሼ!» ብዬ ጮኽኩ። «እትዬ ጫልቱ!»

ቀና ሲሉ ፊታቸውን አየሁት። ያልተላጨው ጢማቸው ሁሉ ውሃ ነው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አውቃለሁ። የማየው ነገር ከሌለኝ እሷን ነው የማስበው። እሷን ካሰብኩ ደግሞ እግሬ አይሄድም።»

ብትራቸውን አንስተው ቀጠሉ። እኔ እኚህን ሰውዬ ሞኝ ናቸው ብዬ ስስቅባቸው የኖርኩ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ጀርባቸውን ስከተል እንደ ታቦት ነበር የምከተለው።

ገባ ወንዝን ተሻገርን። በደሌ ስንደርስ ጉሙ ለቀቀ፤ ጋሼ ጋቢና ገቡና እስከ ጅማ ድረስ የሚስታቸውን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ሄዱ። አንድ ጊዜ እንኳ በመስኮት ወደ ላይ አላዩም።

ጅማ ሐኪም ቤት እትዬ ጫልቱን ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ሌላ አልነገሩንም። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እኔ ለጥበቃው፣ ለነርሷ፣ ለአላፊ አግዳሚው ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት ነገርኩ፤ በየንግግሬ ገደሉ ይረዝማል። ጋሼ ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አልነቀሉም።

እንደገና የጠሩን በማግስቱ ነው። እትዬ ጫልቱ አልጋ ላይ ናቸው፤ ገርጥተዋል፤ ግን ትኩሳቱ ለቋቸዋል። ሐኪሙ በትንሽ ሳህን ላይ ጠጠሯን አሳየን፤ የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። «ወጥታለች። ትድናለች» አለ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፈው ጎንበስ አሉና ቆዩ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ከዚያ ሐኪሙ ለማስረዳት ብሎ ከፖስታ ውስጥ አንድ ጥቁር፣ ሰፊ፣ የሚያንጸባርቅ ነገር አወጣና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘው።

«ራጅ ነው። ከመክፈታችን በፊት ያነሳነው። ይኸው፣ ይህቺ ነጯ ናት።»

ጋሼ ቀረብ አሉ። ጥቁሩ ውስጥ ግራጫ ግራጫ ነገር ተንሳፍፏል፤ ልክ ከላይ እንደታየ ደመና። መሃሉ ላይ ጠጠሯ ነጭ ሆና፣ ጥርት ብላ ተቀምጣለች።

«ዶክተር፣ ይህ በምን ተነሳ?»

«በብርሃን ነው፤ በማይታይ ብርሃን።»

«ሳይቆርጣት?»

«ሳይቆርጣት። አልፏት ሄደ።»

«በየት በኩል ገባ? በየት ወጣ? ሥጋው አልጠጣውም? ጠጠሯስ ለምን ጠጣችው? እንደ ሌዘሩ ከቀይ በታች ነው ወይስ በላይ?»

ሐኪሙ ወደኔ አየ። እኔ ጃኬቴን አየሁ።

«በላይ ነው፤ ከሐምራዊም በላይ» አለ ሐኪሙ፤ ለማምለጥ ይመስላል።

ጋሼ ራጁን ከእጁ ወሰዱት። ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ አስጠጉት፤ አራቁት፤ ገለበጡት። ጀርባቸው ወደኛ ነው፤ ፊታቸው ግን መስታወቱ ላይ ይታየኛል፤ እንባው ይወርዳል፤ አይጠርጉትም፤ ያያሉ።

«በላይም አለ ለካ» አሉ። «በላይም አለ።»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። እጁን ዘረጋ። ጋሼ አላዩትም። ያኔ ከአልጋው ላይ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ ደክሟል፤ ግን ምላጭነቱ ተመልሷል።

«ይልማ፣ የኔ ሆድ እኮ ነው፤ ሰማይ አይደለም። ለሰውዬው መልስለት።»